አደራ እንዳይወድቁ!

ባሕር ዳር ላይ አንድ አይሱዙ አሸዋ በሩ ላይ ያስገለበጠ ሰው ወይ ክፍል ሊቀጥል ነው ወይ አጥር ሊያጥር። «ለልጆች መውደቂያ ነው» የሚል መልስ ሰፈራችን ሰምቶ አያውቅም። እውነቱን በተናገርኩ ቁጥር ሰዉ ራሱን ይነቀንቅና «ይሁን እሺ፤ ስንት ክፍል ነው?» ይለኛል። የአንዱን ክፍል ኪራይ ከወዲሁ የተደራደረም አለ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጆቼ ሶፋውን ጨርሰው ቁም ሳጥኑ ላይ መውጣት ሲጀምሩ፣ ባለቤቴ «ወይ እነሱ ከቤት ይውጡ ወይ እኔ ልውጣ» አለች። ጓሯችን ውስጥ ማንጎና ዋንዛ ፊት ለፊት ቆመዋል። በሁለቱ መካከል የጭነት መኪና ማሰሪያ የመሰለ ሰፊ ጠፍር ወጥሬ ቀለበት፣ እጀታና ቋጠሮ ያለው ገመድ ላንጠለጥልበት ወሰንኩ። ጨዋታው እግር መሬት ሳይነካ ከአንዱ ወደ ሌላው እየተንጠላጠሉ መሻገር ነው። ርዝመቱ 6 ሜትር ቢሆን ነው። በ2016 ዓ.ም. ግንቦት ላይ የተመረቀው አዲሱ የዓባይ ድልድይ 380 ሜትር ነው፤ የእኔዋን ያህል አስተያየት ሰጪ ግን የነበረው አይመስለኝም።

የመጀመሪያዋ አስተያየት ሰጪ የማዶዋ እትዬ ናቸው። «አንተ ልጅ፣ ማንጎዬን ልታንቀው ነው?» አሉ። ማንጎው የእኔ ነው፤ ፍሬው ግን አጥር እየዘለለ እሳቸው ግቢ ስለሚወድቅ እንደ ጋራ ንብረት ያዩታል። ደግነቱ ያረጀ ምንጣፍ አጥፌ ግንዱ ላይ ጠቅልዬ ነበር፤ ልጡም አይላጥ፣ ጠፍሩም አይፋቅ። «ታዲያ ፓፓያው ላይ አታስረውም? እሱ ቀጥ ያለ ነው» አሉ። የፓፓያ ግንድ ውስጡ ባዶ መሆኑን፣ ለዚህ ሥራ 30 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ጤነኛ ዛፍ እንደሚያስፈልግ አስረዳሁ። ሰምተው ሲያበቁ «ብቻ አደራ፣ ልጆቹ እንዳይወድቁ!» ብለው ሄዱ።

ቀለበቶቹን ብየዳ ቤት በፌሮ አሠራሁ። ልጁ እጁ ወርቅ ነው፤ ማንጠልጠያዎቹን ግን አፋቸውን ከፍቶ ሰጠኝ። «ዝጋልኝ እንጂ፤ ሲወዛወዝ ይወልቃል፣ የልጅ ልብስም ይይዛል» ብለው፣ «ጋሼ፣ ለሥጋ ቤት ሁሉ እንዲህ ነው የምሠራው» አለኝ። ይቺን ነገር ያኔ ልብ ብያት ቢሆን ኖሮ!

መጀመሪያ የተንጠለጠልኩት እኔው ነኝ። ክብደት ሲያርፍበት ጠፍሩ ይረግባል፤ ስለዚህ ከፍ ተደርጎ ይታሰርና ልጁ ሲንጠለጠል እግሩ ከመሬት ትንሽ ብቻ ይነሳል። ሣር ደግሞ ለዓይን እንጂ ለመውደቂያ አይሆንም፤ ሥሩ ያለው መሬት ድንጋይ ነው። ስለዚህ አሸዋውን 23 ሳንቲ ሜትር ከፍታ አድርጌ፣ ግራና ቀኙን ወደ 1.80 ሜትር ያህል አስፍቼ አነጠፍኩት። ልጆቹ ገና ሳይወጡበት የሰፈሩ ድመቶች መጥተው መረቁልኝ።

ከዚያ አስተማሪዎቼ በዙ። የባጃጅ ሹፌሩ ጎረቤቴ ልጁን የሞተር ሳይክል ሄልሜት አድርጎለት መጣ፤ ሰፈሩም «እንዲህ ነው እንጂ አባት!» አለ። ሄልሜት ለብስክሌት እንጂ ለመንጠልጠያ እንዳልሆነ፣ ማሰሪያው አንድ ነገር ከያዘው ልጁን አንገቱን ሊያንቀው እንደሚችል ነግሬ ሳስወልቀው ጨካኝ ተባልኩ። «አንገት ላይ ምንም ክር አይኑር» ስል ደግሞ እናቴ ከጓዳ ብቅ አሉ። «ማተብ ልታስበጥስ ነው? ለዚህ ነው ያስተማርኩህ?» ድርድሩ ከቡናው መጀመሪያ እስከ በረካ ቆየ። በመጨረሻ ማተቡ ሸሚዝ ውስጥ እንዲገባ፣ ሸሚዙም እስከ ላይ እንዲቆለፍ ተስማማን።

ታንኳ ሲሠሩ የኖሩ አንድ አባት አሸዋውን በከዘራቸው ወጋ አደረጉና ሳቁ። «እኛ በደንገል ታንኳ ጣና መሀል ገብተን ስንዘል ማን አነጠፈልን? ማን ምን ሆነ?» ዝም አልኩ። የሆኑትማ መጥተው አይናገሩም።

በአንድ ጊዜ አንድ ልጅ ብቻ እንዲወጣ ደንብ አወጣሁ። በማግስቱ የታላቁ ልጄ ጓደኛ ዱላ ይዞ ራሱን ተራ አስከባሪ አድርጎ ሾመ። ክፍያው አንድ ብስኩት ነው። በሦስተኛው ቀን ለዘመዶቹ የተለየ ሰልፍ ከፈተ። ከየት እንደተማረው አልጠየቅሁትም፤ የታክሲ ተራው ከቤታቸው በር ላይ ነው።

የአሸዋው ነገር ግን አንጀቴን በላው። በቀጣዩ ሳምንት የማዶዋ እትዬ «ደጄ ጭቃ ሆኖብኝ ነው፤ ሁለት ባሬላ ብቻ» አሉ። የባጃጁ ጎረቤት የሽንት ቤቱን ወለል ሊለስን ሦስት ባሬላ ወሰደ። ታንኳ ሠሪው አባት እንኳ የሳቁበትን አሸዋ ለአበባ መደባቸው በማዳበሪያ አሸከሙ። ታዲያ ሁሉም ተሸክመው ሲወጡ ከበሩ ላይ ዞር ብለው አንድ ዓይነት ቃል ነው የሚሉት፤ «አደራ፣ ልጆቹ እንዳይወድቁ!» እምቢ ማለት አይቻልም፤ ነገ ልቅሶ አለ፣ እድር አለ። አንድ ቀን የልጄን ማስመሪያ ወስጄ አሸዋው ላይ ሰካሁ፤ 9 ሳንቲ ሜትር። የቀረው ጠንክሯል፤ ዝናብ ሲመታው በየጊዜው መገልበጥ ነበረበት። መገልበጡን ለነገ እያልኩ ያሳደርኩት እኔ ነኝ፤ ይህን በማንም አላሳብብም።

አሸዋው እስኪሞላ ጨዋታውን ዘጋሁ። ተራ አስከባሪው የገቢ ምንጩ ስለደረቀ አኮረፈኝ።

የፋሲካ ዕለት ከቤተ ክርስቲያን መልስ ትንሽ ጋደም ብዬ ስነሳ ጓሮው በሰው ተሞልቷል። የማዶዋ እትዬ በግ፣ «ይበጠሳል» ሲሉት በከረሙት ጠፍር ላይ፣ በሁለት የፌሮ ቀለበቶች የኋላ እግሮቹ ተሰቅለው ይገፈፋል። የባጃጁ ጎረቤት ቢላ ይስላል። የእሱም በግ ማንጎው ሥር ታስሮ ይጠብቃል።

«እትዬ፣ ይኼ እኮ የልጆች...»

«አይዞህ፣ ጠንካራ ነው! ደግሞስ አሸዋ አለው፤ ደሙን ይመጥልናል።»

ተራ አስከባሪው ዱላውን እንደያዘ አጠገቤ መጥቶ ቆመ። ፊቱ ተቆጥቷል።

«ጋሼ» አለኝ በጉን እያሳየኝ፤ «ያለ ተራው ነው የወጣው።»