ስልክ ወደ ክፍል ይግባ? የጅማ መምህርና ወላጅ ክርክር

የመከራከሪያው ሐሳብ፦ «በጅማ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ተማሪዎች ስልካቸውን ክፍል ውስጥ ለትምህርት እንዲጠቀሙበት ሊፈቀድ ይገባል።»

ደጋፊ፣ የፊዚክስ መምህር

የቤተ ሙከራ መሣሪያ እጥረታችን የታወቀ ነው። ሆኖም በ1 ሜትር ክር ላይ ጠጠር አንጠልጥሎ 20 ውዝዋዜ የፈጀውን ጊዜ በስልኩ የለካ ቡድን 40 ሰከንድ ገደማ ያገኛል፤ ከዚያም ተነሥቶ ለ9.8 ሜትር በሰከንድ ካሬ የቀረበውን የስበት ፍጥንጥነት ራሱ ያሰላል። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ኮቪድ ትምህርት ቤቶችን ባዘጋ ጊዜም ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን ጎን ለጎን ማስታወሻና መልመጃ ለተማሪው የደረሰው በቴሌግራም ነበር።

ተቃዋሚ፣ ወላጅና የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት (ወተመህ) አባል

መምህር፣ ለ20 ውዝዋዜ የእጅ ሰዓትም ይበቃል። በ1997 ዓ.ም. በፕላዝማ ቴሌቪዥን የሚሰጠው ትምህርት ሲመጣ የሰማነው ተስፋ ከዛሬው አይለይም ነበር፤ ነገር ግን ትምህርቱ በሳተላይት፣ በእንግሊዝኛ፣ ተማሪው ገባውም አልገባውም እየሮጠ ሲያልፍ መምህሩ ከፍቶ የሚዘጋ ሰው ሆኖ ቀረ። በእንግሊዝ አራት ከተሞች ተደርጎ በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት ደግሞ ስልክ በከለከሉ ትምህርት ቤቶች ውጤታቸው ይበልጥ የተሻሻለው በትምህርት ደከም ያሉት ተማሪዎች መሆናቸውን አሳይቷል፤ እኔን የሚያሳስቡኝም እነዚሁ ናቸው።

ደጋፊ

የፕላዝማው ጥፋት አለመቆሙ ነው። ስልክ ላይ ያለን ቪዲዮ ግን አቁሜ፣ ያልገባቸውን በአፋን ኦሮሞ አስረድቼ፣ መልሼ ላሳየው እችላለሁ፤ ኔትወርክ ቢጠፋ እንኳ አስቀድሞ የወረደ ፋይል በብሉቱዝ ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋል። ጥናቱን አልክድም፤ ስለዚህ መምህሩ «አውጡ» እስኪል ድረስ ስልኩ ጠፍቶ ቦርሳ ውስጥ ይቆይ እላለሁ።

ተቃዋሚ

በተጨናነቀ ክፍል፣ በኋላ ወንበር የተቀመጠው ልጅ ቲክቶክ ይመልከት ቀመር ይፈልግ ማን ሊያይ ነው? እርስዎ ያዩ ይሆናል፤ ደንቡ ግን ለሁሉም መምህር የሚወጣ ነው። ከዚህም በላይ ቡና ካልተሸጠ በቀር ጥሬ ገንዘብ የማያገኝ የጎማ ወይም የማና ወረዳ ገበሬ፣ ጅማ ቤት ተከራይታ ለምትማር ልጁ ከኪራዩና ከቀለቡ ሌላ ስልክ ሊገዛ ነው፤ ካልገዛም እሷ የጓደኛዋን ትከሻ ተደግፋ ስታይ ልትውል ነው። ትምህርት ቤቱ ስልክ ያስፈልገኛል ካለ ጥቂቶቹን በራሱ በጀት ይግዛ፤ ሲም ካርድ ሳያስገባባቸው ቤተ ሙከራው ውስጥ ይቆልፍባቸው፤ መምህሩም ፈርሞ ያውጣ፣ ፈርሞ ይመልስ። በዚህ መንገድ ከሆነ በወተመህ ስብሰባ ላይ እጄን ለድጋፍ አወጣለሁ።