ለንደን ስትመታ «ጥቃት»፣ ቱኒዝያ ስትመታ «አደገኛ አገር»

ጁላይ 7 ቀን 2005 ጠዋት ለንደን ውስጥ በሦስት የምድር ውስጥ ባቡሮችና በአንድ አውቶቡስ ላይ ቦምብ ሲፈነዳ ሥራ ቦታዬ ነበርኩ። (ዓመታቱን ሁሉ የማስቀምጠው በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር ነው።) 52 ሰዎች ተገደሉ። ትራንስፖርት ስለቆመ እንደ ብዙው የከተማው ሰው በእግሬ ነው ቤቴ የገባሁት። ማታ ስልኬ ፋታ አላገኘም። ከአገር ቤት የሚደውለው ሁሉ «ደህና ነሽ ወይ?» ይላል፤ አክስቴማ «በቃ ጠቅልለሽ ነይ፣ ይቅርብሽ» ብላ አለቀሰች።

እኔ ግን በማግስቱ ሥራ ገባሁ። የባቡሩ መስመር እንደተከፈተ ሰው ተሳፈረ፤ ጎብኚውም ተመለሰ። ለንደን «አደገኛ ከተማ» የሚል ስም አልወጣላትም። የተባለው «ለንደን ጥቃት ደረሰባት» ነው። በእነዚህ ሁለት አባባሎች መካከል ያለው ልዩነት የሰው እንጀራ እንደሚዘጋ የገባኝ ግን ከአሥር ዓመት በኋላ ነው።

ጁን 26 ቀን 2015 ሱሳ በምትባለው የቱኒዝያ የባሕር ዳርቻ ከተማ አንድ ታጣቂ ፀሐይ ይሞቁ በነበሩ የሆቴል እንግዶች ላይ ተኩስ ከፍቶ 38 ሰዎች ገደለ። 30ዎቹ ብሪታንያውያን ነበሩ። ያን ቀን መሣሪያ የሌላቸው የሆቴል ሠራተኞች ተያይዘው ቆመው እንግዶቻቸውን በገላቸው ከልለዋል። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ የብሪታንያ መንግሥት «እጅግ አስፈላጊ ካልሆነ በቀር ወደ ቱኒዝያ አትሂዱ» አለ። ማሳሰቢያው ለአብዛኛው የአገሪቱ ክፍል የተነሳው በ2017 ነው፤ ሁለት ሙሉ ዓመት። በዚያው በ2015 ኖቬምበር ላይ ፓሪስ ውስጥ 130 ሰዎች ተገደሉ። ለፓሪስ ግን ዓመታት የሚዘልቅ «አትሂዱ» አልመጣላትም። ቢሯችን ውስጥ «ቱኒዝያን ከእንግዲህ አላያትም» ያሉ ሰዎች ለገና በዓል ባቡር ተሳፍረው ፓሪስ ሄዱ። ክፉ ሰዎች ሆነው አይደለም። ፓሪስን ያውቋታል፤ የሚያውቁት ቦታ ደግሞ በአንድ ቀን መዓት አይለወጥባቸውም። ቱኒዝያን የሚያውቋት በሆቴሉና በዚያ ቀን ብቻ ነበር።

አገር ቤት ሆነን ይህን ስናስብ ጎብኚው ፈርቶ የቀረ ይመስለናል። ነገሩ ከዚያ የጠለቀ ነው። አንድ መንግሥት የጉዞ ማሳሰቢያ ሲያወጣ፣ ማሳሰቢያውን ጥሶ የሄደ ሰው የጉዞ ኢንሹራንሱ ብዙውን ጊዜ አይሠራለትም። ኢንሹራንስ ከሌለ አስጎብኚ ድርጅቱ ጉዞውን ይሰርዛል፤ ጉዞው ከተሰረዘ የተከራየው አውሮፕላን አይነሳም። ልቡ የቆረጠ ሰው እንኳ የሚሳፈርበት ያጣል። በሜይ 2014 ብሪታንያ ስለ ኬንያዋ ሞምባሳ ማሳሰቢያ ስታወጣ ዲያኒ የሚባለው የባሕር ዳርቻ ከክልከላው ውጭ ነበር። አስጎብኚዎች ግን እንግዶቻቸውን በመቶዎች እየጫኑ መለሱ፤ ወደ ዲያኒ የሚወስደው መንገድ በሞምባሳ በኩል ነዋ! ያልተጠቀሰው ቦታም ከተጠቀሰው ጋር ተዘጋ። ሻርም ኤል ሼክ ከምትባለው የግብፅ የባሕር ዳርቻ ከተማ የተነሳው የሩሲያ አውሮፕላን በኦክቶበር 2015 መጨረሻ 224 ሰዎች ይዞ ከወደቀ በኋላ ደግሞ ብሪታንያ ወደዚያ የሚደረገውን በረራ የፈቀደችው በ2019 ነው። አራት ዓመት ሥራ ፈትቶ የሚጠብቅ አስተናጋጅ የለም።

ይህን ስል ግን የሟቾቹን ቤተሰቦች ረስቼ አይደለም። ከሱሳው ጥቃት ሦስት ወር ቀደም ብሎ፣ ማርች 18 ቀን፣ እዚያው ቱኒዝያ ባርዶ ሙዚየም ውስጥ ጎብኚዎች ተገድለው ነበር። ምልክቱ ታይቷል ማለት ነው። በ2017 ለንደን ውስጥ በተካሄደው የአሟሟት ምርመራ ቤተሰቦቹ ደጋግመው ያነሱት ጥያቄ «አደጋው መኖሩን ለምን በግልጽ አልነገራችሁንም?» የሚል ነበር። ዳኛው ደግሞ በአካባቢው የነበሩ የቱኒዝያ ፖሊሶች ሆን ብለው መዘግየታቸውን ተናግረው ክፉኛ ወቅሰዋል። ስለዚህ «ካልሄድን አሸባሪው አሸነፈ» የሚለው ፉከራ አይዋጥልኝም። አንዲት እናት ልጆቿን ይዛ ባሕር ዳር የምትሄደው ለማንም ድል ልትሰጥ አይደለም። እውነቱን የማወቅ መብት አላት። ማን እንደሚጠብቃት፣ አንድ ነገር ቢደርስ እርዳታ በስንት ደቂቃ እንደሚደርስላት ሊነገራት ይገባል።

እውነቱን በመደበቅ በኩል እኛ ዲያስፖራዎችም እጃችን አለበት። በጃንዋሪ 2012 አፋር ውስጥ ኤርታሌ አጠገብ ታጣቂዎች አምስት የውጭ አገር ጎብኚዎችን ገደሉ፤ ሌሎችንም አፍነው ወሰዱ። ከዚያ በኋላ ነው፣ እሳተ ገሞራ የማየት ሕልም ያላት አንዲት ባልደረባዬ «መሄድ እችላለሁ?» ብላ የጠየቀችኝ። «ምንም ችግር የለም፣ አገሩ ሰላም ነው» አልኳት። ያ መልስ ከክብሬ እንጂ ከእውቀት የመጣ አልነበረም። አገሬ በክፉ ስትነሳ አንገቴን ስለምደፋ ብቻ የሰው ሕይወት የሚያህል ነገር ላይ አፌን ሞልቼ መሰከርኩ። ማታ እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ለአጎቴ ልጅ ደወልኩ፤ ጎብኚዎችን የሚያመላልስ ሹፌር ነው። እሱ እንደ እኔ አላድበሰበሰም። «ወደ ድንበሩ የሚጠጋው በኩል ዛሬ እኔም አልሄድ፤ ያለ ታጠቀ ጠባቂ ደግሞ ፈጽሞ አይሞከርም። ሌላው አገር ግን ሰፊ ነው። መጀመሪያ የት እንደሆነ ጠይቂ፣ ቀጥሎ ማን እንደሚጠብቅ፣ ከዚያ የሚደርስልሽ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅበት። እነዚህን ካላወቅሽ ሂጂም ቅሪም አትበይ» አለኝ። በማግስቱ ባልደረባዬን ፈልጌ የነገርኳትን አረምኩ። ሌሎች ቦታዎች መርጣ ሄደች።

የሌላው ጫፍ ሰዎችም አሉን። መንግሥት የሚጎዳ መስሏቸው «ማንም እንዳይሄድ» እያሉ ሰላም ያለበትን ሁሉ ከጦር ሜዳ ጋር የሚደባልቁ። ራሳችን ግን እናታችን ስትታመም ማንንም ሳንጠይቅ ቲኬት እንቆርጣለን። ቦታውን ስለምናውቀው ነው፤ የት እንደሚታደርና የት እንደማይታደር የሚነግረን ዘመድ ስላለን ነው። ለጎብኚ የሚያስፈልገውም ያ ዘመድ የሚነግረን ዓይነት ወሬ ነው።

እኔ ጎብኚዎች መሄዳቸውን እንዲቀጥሉ እፈልጋለሁ። ግብፅን አስባለሁ። በኖቬምበር 1997 ሉክሶር በሚገኘው የንግሥት ሃትሼፕሱት ቤተ መቅደስ 62 ሰዎች ሲገደሉ 58ቱ የውጭ ጎብኚዎች ነበሩ። ገዳዮቹ ቦታውን የመረጡት ሕዝቡ ከምን እንደሚኖር ስለሚያውቁ ነው። ሕዝቡም ያንን አውቆ ፊቱን አዞረባቸው። የኢንዶኔዥያዋ ደሴት ባሊም በ2002 የ202 ሰዎች ሕይወት ጠፍቶባት፣ በ2005 እንደገና ተመትታ፣ ጎብኚዎቿ ተመልሰውላታል። ሽብር ከሁሉ አብዝቶ የሚገድለው ደግሞ ጎብኚን ሳይሆን የአገሩን ሰው ነው። በኦክቶበር 2017 ሞቃዲሾ ውስጥ በአንድ ቀን ከ500 በላይ ሰዎች አልቀዋል፤ የመመለሻ ቲኬት በኪሳቸው አልነበረም። መንግሥት መቆጣጠር ያቃተው ቦታ ግን ማንም ለጉብኝት አይሂድ፤ እዚያ የሚጠለፍ አንድ እንግዳ ለራሱም ለአስጎብኚውም ለመንደሩም መከራ ነው። ማሳሰቢያውም አገር ሙሉ በአንድ ቀለም ሳይቀባ ወረዳ ለይቶ ይናገር። አደጋው ሲያልፍም እንደወጣበት ፍጥነት ይነሳ።

ጁን 3 ቀን 2017 ማታ ለንደን ብሪጅ ላይ ጥቃት ደርሶ ስምንት ሰዎች ሞቱ። ያ የአጎቴ ልጅ በዚያው ሰሞን እኔን ሊጠይቅ ቪዛ አግኝቶ ለመምጣት እየተሰናዳ ነበር። ሌሊቱን ደወለ። እንደ አክስቴ «ጠቅልለሽ ነይ» አላለኝም።

«የት ነው ቦታው?» አለ። ነገርኩት።

«አንቺ ካለሽበት ይርቃል?»

«ይርቃል።»

«ፖሊሶቹስ በስንት ደቂቃ ደረሱ?»

የመጀመሪያው ጥሪ ከደረሳቸው በስምንት ደቂቃ ውስጥ ሦስቱንም አጥቂዎች ተኩሰው እንደጣሏቸው ነገርኩት። ትንሽ ዝም አለና የሚያርፍበትን ቀን እንዳልረሳ አስታውሶኝ ስልኩን ዘጋ።