ቀጭ ያለው ቡሎን

መኪናዬ እኔን በ3 ዓመት ትበልጠኛለች። ስለዚህ ስታጉረመርም አልቆጣትም። ታላቅ ናት።

አንድ ጠዋት ግን ማጉረምረሟን ትታ ትክ ትክ ማለት ጀመረች። ነዳጅ ስሰጣት ይፈጥናል፣ ስለቃት ይዘገያል። አሥር ደቂቃ ያህል ከነዳኋት በኋላ ጸጥ ትላለች። ራሱን ማታለል ለሚፈልግ ሰው ከዚህ የተሻለ ብልሽት የለም። "ቀዝቅዟት ነው፣ ስትሞቅ ይተዋታል" እያልኩ 8 ወር ነዳኋት።

ከዚያ ሞቃም አልተዋት አለ። እንዲያውም ድምጿ ከመንገዱ መታጠፊያ ጀምሮ ይሰማ ጀመር። እውነቱን ለመናገር ጥቅምም ነበረው። ቤት ስገባ ቴሌቪዥኑ ጠፍቶ፣ ልጆቼ ደብተር ላይ አቀርቅረው አገኛቸዋለሁ። "ምን ዓይነት ጨዋ ልጆች ወለድኩ" እያልኩ በየቀኑ አመሰግናለሁ።

አሮጌ መኪና ያለው ሰው ኮፈኑን በከፈተ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ሸንጎ ይሰየማል። ሰዉ ከየት እንደሚመጣ አይታወቅም። አንዱ "ቫልቭ ነው" ይላል። ሌላው "ካንዴላ ቀይር" ይላል። ሦስተኛው እጁን ኪሱ ከቶ፣ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ለረጅም ጊዜ ያዳምጥና "ሽጣት" ይላል። ጎረቤታችን ጋሼ ግን ከሁሉም ይለያሉ። መኪና ኖሯቸው አያውቅም፤ ለዚህም ይመስለኛል በሐሳባቸው የሚጸኑት። "ማርሚታው ነው። ምንም አትልፋ፣ ማርሚታው ነው" አሉ። ማርሚታው፣ ማለትም የጭሱን ድምፅ የሚያፍነው ዕቃ፣ ከኋላ ነው፣ ድምፁ ከፊት ነው ብላቸው "ድምፅ ይዞራል" ብለው ዘጉኝ።

ሸንጎው ሲበተን በባትሪ መብራት አየሁት። ማኒፎልዱ ሞተሩን በሚነካበት ቦታ፣ በሦስተኛው ሲሊንደር በኩል፣ ጥላሸት እንደ ኩል ተስሏል። ማኒፎልድ ማለት ከየሲሊንደሩ የሚወጣውን የተቃጠለ ጋዝ ሰብስቦ ወደ ማርሚታ የሚልክ የጊዛ ብረት ነው፤ ጊዛ ቀልጦ በቅርጽ የሚፈስ ብረት ነው። በእሱና በሞተሩ መሐል የሚገባው ስስ ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮኑ፣ ሲበላ ወይ ብረቱ ሲሰነጠቅ ጋዙ በዚያ ይሾልካል፤ ትክ ትክ የሚለውም እሱ ነው። ብረቱ ሲግል ስለሚያብጥ ክፍተቱ ይደፈናል፣ ድምፁም ይጠፋል። ለካስ 8 ወር ሙሉ ያጽናናኝ እብጠት ኖሯል። ያ ጋዝ ደግሞ ካርቦን ሞኖክሳይድ አለበት፤ ቀለም የለው፣ ሽታ የለው፣ ወደ ውስጥ ከገባ ይገድላል። መኪና ውስጥ ራሴን ሲያመኝ የባለቤቴ ወሬ ይመስለኝ ነበር። ይቅርታ ጠይቄያለሁ። አልተቀበለችኝም።

መፍታት ጀመርኩ። ቡሎኖቹ ስንት ዓመት ሲግሉና ሲቀዘቅዙ ኖረው ከሞተሩ ጋር ሥጋ ለሥጋ ተዛምደዋል። ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት ነፋሁባቸው። ማታም ነፋሁ፣ ጠዋትም ነፋሁ። አምስቱ እየተንጫጩም ቢሆን ወጡ። ስድስተኛው እምቢ አለ። ቁልፉን ይዤ ተንጠለጠልኩበት። በድንገት እጄ ውስጥ ቅልል አለኝ። "ተፈታ!" ብዬ ጮህኩ። ሰው ደስ ሲለው ጆሮው አይሰማም መሰለኝ፣ ቀጭ ማለቱን የሰማሁት ከጮህኩ በኋላ ነው። ጭንቅላቱ መሬት ላይ ወድቆ ሲንከባለል አየሁት። አካሉ እዚያው ቀርቷል።

ጋሼ ከአጥር ማዶ "እኔ ማርሚታውን ፍታ አልኩ እንጂ!" አሉ።

ቀጥሎ የሠራሁትን መናገር ያሳፍረኛል። የተሰበረውን ቡሎን በትራፓኖ በስቼ፣ ለዚሁ የተሠራውን ማውጫ አስገብቼ ጠመዘዝኩ። እሱም ተሰበረ። ማውጫ ደግሞ በጣም ጠንካራ ብረት ነው፣ የትራፓኖ ጥርስ አይበላውም። በሽተኛው ሆድ ውስጥ መቀስ ረስቶ እንደወጣ ሐኪም ሆንኩ።

መጨረሻ ላይ አንድ አሮጌ መካኒክ አመጣሁ። ቡሎኑንም አዩ፣ እኔንም አዩ። "ልጄ፣ ማነው የነካካው?" አሉኝ። "አንድ መካኒክ ነበር፣ አባርሬዋለሁ" አልኳቸው። "ጥሩ አደረግህ" አሉ። የተሰበረው አናት ላይ ዳዶ ደፍተው በየዱት። የብየዳው ሙቀት ዝገቱን አላቀቀው። ትንሽ ሲቀዘቅዝ ቁልፍ አስገብተው፣ ወደ ግራ ትንሽ፣ ወደ ቀኝ ትንሽ፣ ልጅ እንደሚያባብል ሰው እያባበሉ አወጡት። የእኔን የሁለት ቀን ጥፋት በ20 ደቂቃ።

ማኒፎልዱ ሲወርድ ግን ጓርኒሲዮኑ ብቻ እንዳልሆነ ታየ። ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ አለው። "ታዲያ ይበየዳ" አልኩ። "ይበየዳል፣ ግን እንደ አልጋ እግር አይደለም" አሉ። ጊዛ ከ2 እስከ 4 በመቶ የሚሆነው ካርቦን ነው። ጠንካራ ቢሆንም መታጠፍ አያውቅም። ብርድ ላይ ከበየዱት አንዱ ስንጥቅ ሲደፈን ጎኑ ላይ ሌላ ይከፈታል። ስለዚህ ስንጥቁ ጫፍ ላይ እንዳይቀጥል ትንሽ ቀዳዳ በሱበት። ብረቱን ሙሉ በሙሉ አጋሉት። በኒኬል ዘንግ ትንሽ ትንሽ እየበየዱ በመዶሻ ቀስ አድርገው ይቀጠቅጡታል። ሲጨርሱ ደረቅ አሸዋ ውስጥ ቀበሩትና "እስከ ነገ እንዳትነካው" ብለውኝ ሄዱ።

ሌሊቱን ሁለት ጊዜ ተነስቼ አሸዋውን አየሁት። ባለቤቴ በመስኮት "ቀብሩ መቼ ነው?" አለችኝ። "ተቀብሯል፣ ትንሣኤው ነገ ነው" አልኳት።

በማግስቱ ፊቱ ተላግቶ ተስተካከለ፤ የጎበጠ ፊት ላይ አዲስ ጓርኒሲዮን ቢደርቡበት ዕድሜ የለውም። ቡሎኖቹን ከመሐል ጀምረን ወደ ዳር፣ በየተራ፣ ትንሽ በትንሽ አጠበቅናቸው። ሞተሩ ግሎ ከቀዘቀዘ በኋላም መልሰን ፈተሽናቸው። ቁልፉን እኔ እንድይዝ አልተፈቀደልኝም።

ሞተሩ ተነሳ። ትክ የሚል ነገር የለም። ጋሼ አጥሩን ተደግፈው ለተሰበሰበው ሰው "ማርሚታው ነው አላልኳችሁም?" ሲሉ ሰማኋቸው። ድምፅ የለማ፣ ሁሉ ነገር ይሰማል።

ማታ ከሥራ ስመለስ እንደ ድመት ኮቴዬ ሳይሰማ ገባሁ። ቴሌቪዥኑ ግድግዳውን ያናውጠዋል። ትልቁ ሶፋው ላይ ቆሞ ይጨፍራል። ደብተሮቹ ወለሉ ላይ ተነጥፈው ባለቤቴ ጥፍሯን ቀለም እየቀባችባቸው ነው። ሁሉም በአንድ ጊዜ ወደ በሩ ዞሩና ደረቁ።

ትንሿ ብቻ መናገር ቻለች። "አባዬ፣ በእግርህ ነው እንዴ የመጣኸው?"