ዌብ ሳይመጣም ክርክሩ ነበር
ስለ ኢንተርኔት ውይይት ታሪክ አንድ ጽሑፍ አንብቤ ነበር፤ እዚያ ላይ «ሰው በኮምፒውተር መወያየት የጀመረው ዌብ ከመጣ በኋላ ነው» የምትለዋ አረፍተ ነገር ልክ አይደለችም። በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ፕላቶ የሚባለው የኮምፒውተር ማስተማሪያ ሥርዓት ላይ ገና በ1973 (በፈረንጆቹ ነው የምቆጥረው) ኖትስ የተባለ የመወያያ ፕሮግራም ነበር። የጻፈው ዴቪድ ዉሊ ያኔ ገና 17 ዓመቱ ነው! ከጽሑፉ ሥር «ኢንተርኔት በሌለበት እንዴት ይሆናል?» ብለው ለጠየቁት ወንድሜ፦ በስልክ ነዋ፤ ኮምፒውተር ለኮምፒውተር በስልክ መስመር ይደውላል። በ1978 ክረምት ቺካጎን በረዶ ሲያፍናት ዋርድ ክሪስተንሰን እና ራንዲ ሱስ ቤት ተቀምጠው ከመሰላቸት አንድ ነገር እንሥራ አሉ፤ በየካቲት ሲቢቢኤስን፣ ማለትም ሰው በኮምፒውተሩ ደውሎ መልእክት የሚለጥፍበትንና የሌላውን የሚያነብበትን ሰሌዳ፣ ከፈቱ። መስመሩ አንድ ብቻ ነው። አንዱ ገብቶ ሲጽፍ ሌላው የሚሰማው «ተይዟል» የሚለውን ድምፅ ነው፤ ወረፋው የዳቦ ቤት ነበር ማለት ይቻላል። ተራ ደርሶ ሲገባም በሰከንድ 30 ፊደል ገደማ ነው የሚመጣው። ጽሑፉ እንደ ደከመ ቧንቧ ጠብ ጠብ ይላል። በ1980 ዩዝኔት የተባለው የመወያያ መረብ መጣ፤ እሱን ብዙ ሰው ያውቀዋል። እኔን የሚገርመኝ ቶም ጄኒንግስ በ1984 የጀመረው ፊዶኔት ነው። ኮምፒውተሮቹ ሌሊት፣ ስልክ በሚረክስበት ሰዓት፣ እርስ በርስ ይደዋወሉና የቀኑን መልእክት ይለዋወጣሉ። ይሄ ደግሞ አሜሪካ ብቻ የቀረ አይደለም። በ1990ዎቹ መጀመሪያ አዲስ አበባ ኢሲኤ (የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን) ውስጥ የነበረው ፓዲስ የተባለ የመረጃ ሥርዓት ኢሜይል ያመላልስ የነበረው በዚሁ በፊዶኔት ዘዴ ነው። ያ ያነበብኩት ጽሑፍ ይህን ጭራሽ አላነሳውም።