ማስተካከያ፦ ትንፋሽ ስንይዝ የሚያስጨንቀን ምንድን ነው?

የሰውነት ክፍሎች እንዴት ተቀናጅተው እንደሚሠሩ በሚያስረዳው የቀደመ ጽሑፍ ላይ «ትንፋሽ ስንይዝ የሚጨንቀን ኦክስጅን ስለሚያልቅብን ነው» ተብሏል። ይሄ መታረም አለበት። ጤነኛ ሰው ላይ ተንፍስ ተንፍስ የሚያሰኘው በዋናነት የካርቦን ዳይኦክሳይድ መጠራቀም ነው።

ሕዋሳት ሲሠሩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣሉ፣ ደም ተሸክሞ ሳንባ ያደርሰዋል። መውጫ ካጣ ደሙ ወደ አሲድነት ያዘነብላል። የደም ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ) ደግሞ ከ7.35 እስከ 7.45 ካለው ጠባብ ክልል መውጣት የለበትም፤ ስለዚህ የአንጎል ግንድ ለውጡን ወዲያው ያውቅና በነርቭ በኩል ድያፍራምን (ከሳንባ ሥር ያለውን የመተንፈሻ ጡንቻ) እንዲንቀሳቀስ ያዝዘዋል፣ ለዚህም ነው ትንፋሹን ብዙ የያዘ ሰው እሱ ሳይፈልግ ሆዱ ብድግ ብድግ የሚለው።

ኩላሊትም አሲዱን በሽንት እያስወጣ ያግዛል። እሱ ግን ቀስ ብሎ ነው፤ ሰዓታት፣ አንዳንዴም ቀናት ይፈጅበታል። ኦክስጅን ሲያንስ ደግሞ ኢሪትሮፖይቲን የተባለ ሆርሞን ይለቅና መቅኔ ቀይ የደም ሕዋሳት እንዲጨምር ያደርጋል። ኩላሊትን ሽንት ማጣሪያ ብቻ አድርጎ መጻፍ ያሳዝናል።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ «ከመጥለቃችሁ በፊት ቶሎ ቶሎ በኃይል ተንፍሱ፣ ኦክስጅን ታጠራቅማላችሁ» የሚለው ምክር ነው። እባካችሁ እንዳታደርጉት! የሚጨምረው ኦክስጅን እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ግን ተሟጦ ስለሚወጣ ማስጠንቀቂያው ይዘገያል፣ ሰውም ምንም ሳይጨንቀው ውኃ ውስጥ ራሱን ሊስት ይችላል።