የፒያሳ መንገድ ሰፍቷል፤ የት አረፍ ብለን እንጠጣ?

ባለፈው ሳምንት ከአሜሪካ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ የመጣች የአክስቴ ልጅ ደወለችልኝ። «ነገ ፒያሳ ወክ እናድርግ። መኪና አልፈልግም። እየበላን፣ እየጠጣን በእግራችን እንዙር» አለችኝ። ደስ አለኝ። ስልኩን ዘግቼ የት የት እንደምወስዳት ሳሰላስል ግን ተቸገርኩ። አፌ ላይ ከመጡት ቤቶች ብዙዎቹ ዛሬ የሉም።

በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማቱ ሲጀመር ዶሮ ማነቂያና በዙሪያው የነበሩ ሰፈሮች ፈረሱ። ነዋሪውም ወደ ከተማው ዳርቻ ሄደ። በዚያው ዓመት የካቲት ላይ የዓድዋ ድል መታሰቢያ ተመረቀ። ከፒያሳ አራት ኪሎ የሚወስደው መንገድ ዛሬ ሌላ መልክ አለው። የእግረኛው መሄጃ ሰፊ ነው። ማታ መብራት አለ። ጉልበቷን የሚያማት እናቴ እንኳ ሳትሰናከል ትሄድበታለች። ይህን ሳይ ከልቤ ደስ ይለኛል።

ሰው በእግሩ እንዲሄድ ከፈለግን ግን መንገዱ ብቻውን አይበቃም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ነች። ከለገሃር ተነስቶ በቸርችል ጎዳና ሽቅብ ፒያሳ የደረሰ ሰው ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። በዚያ ሰዓት የሚፈልገው ወንበርና አንድ ብርጭቆ ውሃ ነው። ቀጥሎ ማኪያቶ። ቀጥሎ ወሬ።

ፒያሳ ይህን ታውቅበት ነበር። ጣሊያን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቆየባቸው ዓመታት የአራዳን ገበያ ወደ መርካቶ ገፍቶ ሰፈሩን ለራሱ ሠራው። ሲወጣ ስሙ ቀረ፤ የማሽን ቡናም ቀረ። እኛ ደግሞ ቡናውን የራሳችን አደረግነው። ጣሊያን አገር ማኪያቶ ማለት ወተት ጠብ ያለበት ትንሽ ቡና ነው። የእኛው በብርጭቆ ይመጣል፤ ወተቱ ወፈር ይላል፤ አረፋው ከላይ ይቆማል። «ጠቆር ይበልልኝ» እንላለን፤ አስተናጋጁም ሳይጠይቅ ይገባዋል። አንድ ማኪያቶ ይዞ አንድ ሰዓት ቢቀመጡ የሚቆጣ የለም። ጓደኛ የሚጠበቀው፣ ሥራ የሚፈለገው፣ ሰው የሚታጨው እዚያ ጠረጴዛ ላይ ነው።

ማህሙድ ሙዚቃ ቤት ጋ ተቀጣጥረን ተገናኝተን እንዞር ነበር። ኤንሪኮ ኬክ ቤት ረፈድ ካለ ኬኩ አልቆ ነው የሚጠብቀን። ስለዚህ በጠዋት ነበር የምንሄደው። ምሳ ሲደርስ በጾም ቀን እቴጌ ጣይቱ ሆቴል የጾም ቡፌ አለ። በ2007 ዓ.ም. ጥር ላይ ቤቱ ሲቃጠል ከተማው ሁሉ እንደ ዘመዱ ነበር ያዘነለት። ኪስ ሳሳ ካለ ደግሞ እርጥብ አለ። ድንቹ ትኩስ፣ አዋዜው የሚያቃጥል፣ ዳቦው ለስላሳ። ከዚያ ስፕሪስ፤ አቮካዶው ከታች፣ ማንጎው ከላይ፣ ሎሚ ጠብ ይደረግበታል። ሲመሽ ዶሮ ማነቂያ ገብቶ ጥብስ በድራፍት። ይህን ሁሉ በእግር ነው የምናደርገው። ከአንዱ በር እስከ ሌላው በር ሃምሳ እርምጃ አይሞላም ነበር።

ያረጀው ሁሉ ይቆይ ማለቴ አይደለም። ውሃ የሌላቸው፣ መጸዳጃቸው የማያስገባ ቤቶች ነበሩ። እኔን የሚያሳስበኝ በእነሱ ቦታ የሚመጣው ነገር ነው። አዲስ አበባ ውስጥ አዲስ ሕንፃ ሲቆም ምድር ቤቱን ብዙ ጊዜ የሚወስደው ባንክ ነው። ኪራዩን የሚችለው እሱ ነዋ። ባንኩ ግን ሲመሽ ይዘጋል። እሁድም አብዛኛው ዝግ ነው። ሰው ወክ የሚያደርገው ደግሞ ልክ በዚያ ሰዓት ነው። እግረኛው በሰፊው መንገድ ከተዘጋ መስታወት ወደ ተዘጋ መስታወት ይሄዳል። ሁለት ጊዜ ከሄደ በሦስተኛው ቤቱ ይቀመጣል።

እንዲህ ቢደረግ እላለሁ። በኮሪደሩ ዳር የሚሠሩ ሕንፃዎች ምድር ቤታቸው በትንንሽ ክፍሎች ይከፈል። በር ለበር ይሁኑ። ከእነሱ የተወሰኑት ለቁርስ ቤት፣ ለጁስ ቤት፣ ለኬክ ቤት በሚቻል ኪራይ ይሰጡ። ከፈረሱት ሰፈሮች ቤት ከፍተው ይኖሩ የነበሩ ሰዎች ቅድሚያ ያግኙ፤ ደንበኛቸውንም ሙያቸውንም ያውቁታል።

የጀበና ቡናዋንም ሴት አንርሳት። ረከቦቷ፣ ቄጠማዋ፣ ጥቂት በርጩማዎቿ ስንት ቦታ ይወስዳሉ? ደንብ አስከባሪ በመጣ ቁጥር ጀበናዋን አንጠልጥላ እንድትሮጥ ከማድረግ ቦታ ተሰጥቷት በወር ትክፈል። ውሃ ይግባላት። ንጽህናዋን ይቆጣጠሯት፤ እሺ ትላለች። የቡና አገር ዋና ከተማ ላይ በእግሩ የሚሄድ ሰው የዕጣን ሽታ ሳይሸተው ፒያሳን አቋርጦ ማለፉ ያሳዝነኛል።

የአክስቴ ልጅና እኔ በማግስቱ ወጣን። ቶሞካ ጀመርን። ስሙ «ዘመናዊ የቡና መቁያ» ከሚል የጣሊያንኛ ስያሜ ያጠረ ነው፤ ከ1953 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እዚያው ነው። እንደ ጥንቱ ቆመን ጠጣን። ሽታው ገና ከበሩ ያዛት፤ ዓይኗ እንባ አቀረረ። ከዚያ በራስ መኮንን ድልድይ አድርገን ወደ አራት ኪሎ አቀናን። መንገዱን አደነቀች፤ ፎቶ አነሳች። ዳገቱ ላይ ስንደርስ ቆም አለች። «ሻይ ቤቱ የት ነው?» አለችኝ።

ግራና ቀኝ አየሁ። ትንሽ ሄደን አንድ ሕንፃ ደረጃ ሥር ጀበና የጣደች ሴት አገኘን። ሦስት በርጩማ ነበራት፤ ሦስቱም ተይዘዋል። አንድ ተማሪ ደብተሩን አንስቶ «ይቀመጡ» ብሎ ለአክስቴ ልጅ ተነሳላት። እኔ ቆሜ ጠጣሁ። ሴትዮዋ ቀና ብላ መንገዱን አየች፤ ከዚያ ሁለተኛውን ስኒ በፍጥነት ቀዳች።