የሽትራውስ ወርቅ ቢነሳስ?

ቪየና መሃል ሽታትፓርክ የሚባል መናፈሻ አለ። ከሜትሮው ወጥታችሁ ትንሽ ስትራመዱ ሰው ተኮልኩሎ ካያችሁ የሙዚቃ ደራሲው ዮሐን ሽትራውስ ሐውልት ጋ ደርሳችኋል። ቫዮሊኑን አገጩ ሥር አድርጎ የቆመ ሰውዬ ነው፤ ከጫማው እስከ ጸጉሩ ወርቅ በወርቅ። ፀሐይ ሲያርፍበት ዓይን ይወጋል። ሰው ተራ ይጠብቃል፣ ለሐውልቱ ጀርባውን ይሰጣል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ይሄዳል። ቀና ብሎ ያየው ስንቱ ነው?

እኔ ያ ወርቅ ይነሳ ባይ ነኝ። ሐሳቡ አዲስ አይደለም፤ ቪየና ራሷ አድርጋው ታውቃለች። ሐውልቱ በ1921 ሲመረቅ በወርቅ የተለበጠ ነበር (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በ1935 ወርቁ ተነሳ፣ በ1991 ተመለሰ። ከ50 ዓመት በላይ ነሐሱን ብቻ ይዞ ኖሯል። ከዝናው አንዳች አልጎደለም።

ወርቁን የሚወዱ ሰዎች ክርክር አይጠፋቸውም። ሽትራውስ የዳንስ ሙዚቃ ሰው ነው፣ ቢብለጨለጭ ምን አለበት? ደግሞ 1921ን አስቡት። በጦርነት የተሸነፈች፣ ንጉሠ ነገሥቷ የተሰደደ፣ ዳቦ የቸገራት ከተማ ነበረች። በዚያ ሰዓት የወርቅ ሰው ማቆም እልህም ጭምር ነው፤ ይገባኛል። የዛሬዋ ቪየና ግን ዳቦ አልቸገራትም። ወርቁ አሁን የሚሠራው ለካሜራ ነው።

የእኔ ቅሬታ ስለ ጎረቤቱ ነው። እዚያው መናፈሻ ውስጥ፣ ብዙም ሳይርቅ፣ ሌላው የሙዚቃ ደራሲ ፍራንዝ ሹበርት ተቀምጧል። ካርል ኩንድማን ከነጭ እብነ በረድ የቀረጸው፣ በ1872 የቆመ ነው። ደብተርና ብዕር ይዞ ቀና ብሏል፤ ዜማ እየመጣለት ያለ ይመስላል። በሄድኩ ቁጥር ፊቱ ከአንድ ሁለት ሰው በላይ አላየሁም።

ሹበርት ይህን ለምዶታል ማለት ይቻላል። በ1828 በ31 ዓመቱ ሲሞት ከ600 በላይ ዘፈኖች ጽፎ ነበር። በራሱ ሥራዎች ብቻ ለሕዝብ የቀረበለት ኮንሰርት ግን አንድ ብቻ ነው፤ እሱም በሞተበት ዓመት። በ1822 ጀምሮ ሳይጨርሰው የቀረው ሲምፎኒ መጀመሪያ የተሰማው በ1865 ነው። ጸሐፊው ከተቀበረ 37 ዓመት ሆኖት!

አንድ ነገር ልጨምር። የሹበርትን ሐውልት ያሠራው የቪየና ወንዶች የመዘምራን ማኅበር ነው። የሽትራውስን የዳንስ ሙዚቃ «ሰማያዊው ዳኑብ»ንም በ1867 ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ ያሰማው ይኸው ማኅበር ነው፤ ያኔ ግጥም ነበረው፣ ይዘፈን ነበር። እነዚያ ሰዎች ሁለቱንም በአንድ አፍ አክብረዋል። አንዱን ወርቅ አልብሶ ሌላውን ጥግ የማስያዝ ነገር የመጣው በኋላ ነው።

ወርቁ ቢነሳ ሕዝቡ ሹበርት ጋ ይጎርፋል እያልኩ አይደለም። ግን ዓይኑን የሚወጋው ነገር ከሌለ ምናልባት ዞር ዞር ይል ይሆናል።

መጨረሻ የሄድኩ ዕለት ሹበርት ግርጌ ቆሜ ያንን ሲምፎኒ በጆሮ ማዳመጫ ከፈትኩት። ከወዲያ በኩል በየቋንቋው «አንዴ ድገመኝ!» የሚል ጩኸት ይሰማል። ሲምፎኒው የሚጀምረው በቼሎና በባስ ነው፣ ከሥር፣ በጣም በለሆሳስ። ድምፁን ጨመርኩት።